ስለ ደመወዝ መዝገብና በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት፤ አሠሪዎች በሕግ ያለባቸው ግዴታ

ጤና አጠባበቅ በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ ሳሙና፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ዝንብ ነው። ይህ አሳብ የተሳሳተ አይደለም። ነገር ግን የሰው ጤና የሚጠበቀው ወይም የሚጐዳው በመኖሪያ ቤቱና በሰፈሩ ብቻ አለመሆኑን ልንዘነጋ አይገባም። ሠራተኛ የሆነ ሰው ከቀኑ 24 ሰዓት ውስጥ 8ቱን የሚያሳልፈው በሥራው ቦታ ነው። በዚያም የሚተነፍሰው አየር፣ የሚነካው መድኃኒት፣ የሚያንቀሳቅሰው መኪናና የሚወጣበት መሰላል ቤቱን አክሎ ጤናውን ይወስኑታል። ቤቱን በንጽሕና የያዘ ሰው በሥራው ቦታ በጥንቃቄ ጉድለት እጁን ቢያጣ፥ የቤቱ ንጽሕና ብቻውን ሊያድነው አይችልም።

በዚህ ወር ጽሑፋችን አሠሪዎች በሕግ ሊይዙአቸው ስለሚገቡ ሁለት መዝገቦች እንገልጻለን። አንደኛው የደመወዝ መዝገብ፥ ማለት በተለምዶ ፔሮል የምንለው ነው። ሁለተኛው በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት የሚጻፍበት መዝገብ ነው። ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «የደመወዝ ነገር ለጤና መሥሪያ ቤት ምኑ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሁለቱ መዝገቦች እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ መሆናቸውን፥ አንዱ በሐሰት የተጻፈ እንደ ሆነ ሌላውም ለተጐጂው ዋጋ እንደማይኖረው ወደ ታች በምሳሌ እናሳያለን።

ሕጉ ከየት እንደ መጣ

በአገራችን የፋብሪካ ሥራ እየሰፋ በሄደ መጠን የሠራተኛውን ደኅንነት የሚመለከት ሕግ ማስፈለጉ የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 ስለ ፋብሪካዎች አዋጅ ቁጥር 58 ወጣ። በ1963 ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛን ግንኙነት የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 210 ተከተለ። ከዚያም በኋላ በእኛ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 64፣ በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377 እየተተካኩ ወጡ። ዛሬ የሚሠራበት በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። የሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳለው፥ ሴቶች ሠራተኞችም ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

አዋጁ የሚመለከተው ታላላቅ ፋብሪካዎችን ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ይህ ስሕተት ነው። የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት፣ ጋራዥ፣ ዳቦ ቤት፣ ሆቴል፣ የግል ትምህርት ቤትና የሕንፃ ሥራ ቦታ ሁሉ በዚሁ ሕግ ሥር ናቸው። በቀን ሒሳብ የሚሠራውም ሠራተኛ ቢሆን ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ግን የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ ነው። በቤት ውስጥ ለግል አገልግሎት የተቀጠሩትም ከዚህ አዋጅ ውጭ እንዲቀሩና በተለይ በሚወጣ ደንብ እንዲተዳደሩ ተወስኗል።

የደመወዝ መዝገብ ምን ሊይዝ ይገባዋል?

በአዋጁ አንቀጽ 60 መሠረት ማናቸውም አሠሪ የደመወዝ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። በዚህ መዝገብ የሚጻፉት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ያልተጣራው ደመወዝና የተሰላበት ዘዴ፣ ከደመወዙ በላይ የሚከፈል ሌላ ክፍያ፣ የተቀነሰው ገንዘብ ልክና ምክንያቱ፣ እንዲሁም በመጨረሻ በሠራተኛው እጅ የሚገባው የተጣራ ገንዘብ። ሠራተኛውም በመዝገቡ ላይ ይፈርማል። መዝገቡን ማየት ቢፈልግ አሠሪው ሊያሳየውና የተጻፈውንም ሊያስረዳው ይገባል።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ታላቅ ቁም ነገር አለ። ሠራተኛው በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ገንዘብ ያለ ተቃውሞ ተቀብሎ ፈርሟል ማለት የቀረውን መብቱን ትቷል ማለት አይደለም። ያልተከፈለው ሒሳብ ካለ ሊጠይቅ ይችላል። ሆኖም የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድ፥ «ነገ እጠይቃለሁ» እያሉ ማዘግየት ጉዳት አለው።

የሥራ ሰዓትም ከደመወዝ የማይለይ ነገር ነው። መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚህ በላይ የተሠራ ሥራ ትርፍ ሰዓት ይባላል። ትርፍ ሰዓት በቀን ሲሠራ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ በሌሊት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ ሆኖ ይከፈላል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንትም ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ሕጉ ከልክሏል። ይህ ክልከላ የጤና ክልከላ ነው። የደከመ ሰው ዓይኑ ይፈዛል፥ እጁም ይዘገያል፤ መኪና የሚቆጣጠር ሰው እጁ በዘገየ ጊዜ ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ትርፍ ሰዓትን በትክክል የሚመዘግብ የደመወዝ መዝገብ ድካም የበዛበትን ክፍል ለይቶ ያሳያል።

የሥራ ውላቸው በጽሑፍ ያልሆነ ሠራተኞችንም በሚመለከት፥ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ነገር የያዘና የተፈረመበት ጽሑፍ እንዲሰጣቸው ሕጉ ያዛል። ይህ ወረቀት አለመሰጠቱ ግን የሠራተኛውን መብት አያስቀርበትም።

አደጋና በሽታ፤ ሁለቱም ጉዳት ናቸው

በሥራ ምክንያት የሚመጣ ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋ ነው። ሠራተኛው ሥራውን በማከናወን ላይ ሳለ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ ሁኔታ በድንገት የሚደርስበት የአካል ጉዳት ወይም የአካል ተግባር መታወክ ማለት ነው። አሠሪው ለሠራተኞች ባዘጋጀው መኪና ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ከሥራ ሲመለሱ የሚደርስ አደጋም በዚሁ ይቈጠራል።

ሁለተኛው በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ነው። ይህ ድንገተኛ አይደለም፤ ቀስ በቀስ፣ በየወሩና በየዓመቱ እየተጠራቀመ የሚመጣ ነው። የጥጥ አቧራ በሚበዛበት ፈትል ቤት ለብዙ ዘመን የሠራ ሰው ደረቱ ይጠብበዋል። ድንጋይ በሚፈጨበት ስፍራ የሚነሣው ረቂቅ አቧራ ሳንባን ያጠነክራል። የተባይ መድኃኒት ያለ መከላከያ የሚረጭ ሰው በቆዳውና በትንፋሹ መርዝ ይገባበታል። በታላቅ ጩኸት ውስጥ የሚውል ሰው ጆሮው ይደነቁራል። የአሮጌ ባትሪ እርሳስ የሚያቀልጥ ሰው ደሙና ነርቩ ይመረዛል።

አደጋን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ደምም ይፈሳል፤ ጩኸትም ይሰማል። በሽታን ግን ማንም አያየውም፤ ሠራተኛውም ራሱ «ብርድ መታኝ» ብሎ ያልፈዋል። በጣልያን አገር የነበረው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ ሐኪሞች በሽተኛውን ስለ ሥራው ደግሞ እንዲጠይቁት መክሮ ነበር። ይህ ምክር ዛሬም አላረጀም። ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሠራተኛ ሐኪሙ ባይጠይቀው እንኳ ሥራው ምን እንደ ሆነና በሥራው ላይ ምን እንደሚነካ ሊናገር ይገባዋል።

ጉዳት በደረሰ ጊዜ አሠሪው ምን ማድረግ አለበት?

አዋጁ በአንቀጽ 104 ሦስት ነገሮችን ያዛል። አንደኛ፥ ለተጐዳው ሰው በጊዜው የመጀመሪያ ርዳታ መስጠት። ሁለተኛ፥ ተስማሚ በሆነ ማጓጓዣ በቅርብ ወደሚገኘው የሕክምና ቦታ ማድረስ። ሦስተኛ፥ ጉዳቱ መድረሱን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ። አንቀጽ 92 ደግሞ በሥራ ላይ የሚደርሰውን አደጋና በሥራ ምክንያት የሚመጣውን በሽታ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ይገልጻል። በአንቀጽ 12ም የሠራተኛውን የጤንነት ሁኔታና የደረሰበትን ጉዳት የያዘ መዝገብ እንዲኖር ታዟል። ከዚህ የጤንነት መዝገብ ግን የኤች.አይ.ቪ. ጉዳይ የተለየ ነው፤ ይህ የሠራተኛው ምሥጢር ስለ ሆነ አሠሪ ሊጠይቀውም ሊመዘግበውም አይገባም።

በመጀመሪያ ርዳታ ረገድ ጥቂት ቃል እንጨምር። ቁስል በንጹሕ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን አለበት። ደም በብዛት ሲፈስ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ይገባል። የቡና ዱቄት፣ አመድ ወይም አፈር በቁስል ላይ መነስነስ ጐጂ ልማድ ነው፤ ቁስሉን ይመርዛል፤ የመንጋጋ ቆልፍንም ሊያመጣ ይችላል። ዓይን ውስጥ ኖራ ወይም ሌላ የሚያቃጥል ነገር የገባበት ሰው ዓይኑን ሳያሽ ወዲያው በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ይሂድ።

የጉዳት መዝገብ ምን ይያዝበት? ልምድ እንደሚያስተምረን የሚከተሉት ሳይጻፉ መቅረት የለባቸውም።

1ኛ/ የተጐዳው ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ ዓይነትና ደመወዝ፤
2ኛ/ ጉዳቱ የደረሰበት ቀን፣ ሰዓትና ስፍራ፤
3ኛ/ በዚያች ሰዓት ሲሠራ የነበረው ሥራና የያዘው መሣሪያ፤
4ኛ/ የተጐዳው የአካል ክፍልና የጉዳቱ ዓይነት፤
5ኛ/ ያዩ ሰዎች ስም፤
6ኛ/ የተሰጠው የመጀመሪያ ርዳታና የተወሰደበት የሕክምና ቦታ፤
7ኛ/ ከሥራ የቀረባቸው ቀናት፤
8ኛ/ የአደጋው መነሻና ዳግመኛ እንዳይደርስ የተደረገው ነገር።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ባዶውን የሚቀረው ስምንተኛው ነው፤ ዋናውም እርሱ ነው። ሰባቱ ያለፈውን ይናገራሉ፤ ስምንተኛው የሚመጣውን ይከላከላል።

ሠራተኛውም በበኩሉ ግዴታ አለበት። የተሰጠውን የመከላከያ ልብስና መሣሪያ መጠቀም፣ የመኪናውን መከለያ አለማንሣት፣ ሊያስተካክለው ያልቻለውን አደገኛ ነገርና የደረሰውን ጉዳት ለአሠሪው ወዲያው ማስታወቅ ይገባዋል። ከአደጋ መከላከያ ትእዛዝ ሆን ብሎ የወጣ ወይም ሰክሮ ወደ ሥራ የገባና በዚህ ምክንያት የተጐዳ ሰው የካሣ መብቱን ሊያጣ ይችላል።

ሁለቱ መዝገቦች የሚገናኙበት ስፍራ

አሁን ከላይ ቃል ወደ ገባንበት ምሳሌ እንመለስ። በሕንፃ ሥራ ላይ የሚሠራ አንድ ሰው በወር 6,000 ብር ይከፈለዋል እንበል። አሠሪው ግን ግብርና የጡረታ መዋጮ እንዲቀንስለት በመዝገቡ ላይ 3,000 ብር ብቻ ይጽፋል፤ የቀረውን በእጅ ይሰጣል። ሠራተኛውም «ከእኔም የሚቆረጠው ያንሳል» ብሎ ደስ ብሎት ይፈርማል። በወሩ መጨረሻ ሁለቱም የተጠቀሙ ይመስላቸዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ይህ ሰው ከመወጣጫ እንጨት ላይ ወድቆ ዳሌው ይሰበራል፤ ዓመት ሙሉም ሥራ መሥራት ያቅተዋል። ሕጉ በአንቀጽ 108 አሠሪው እስከ 1 ዓመት ድረስ እንዲህ እንዲከፍለው ያዛል፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከደመወዙ ከመቶ 75 የማያንስ፣ በቀሩት 6 ወራት ከመቶ 50 የማያንስ። በእውነተኛው ደመወዙ ቢሰላ 18,000፣ 13,500 እና 18,000 ብር፥ በጠቅላላው 49,500 ብር ያገኛል። በመዝገቡ በተጻፈው ቢሰላ ግን 24,750 ብር ብቻ ይሆናል። ልጆቹ የሚበሉት እንጀራ በአንድ የሐሰት መስመር ምክንያት በእኩሌታ ተቈረሰ ማለት ነው።

ጉዳቱ ዘላቂ የሆነ እንደ ሆነ ልዩነቱ ከዚህ ይበልጥ ይከፋል። የመድንና የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ፈጽሞ መሥራት የማያስችል ዘላቂ ጉዳት ቢደርስበት አሠሪው የ5 ዓመት ደመወዙን በአንድ ጊዜ ይከፍለዋል። ይህ በ6,000 ብር ደመወዝ 360,000 ብር፣ በ3,000 ብር 180,000 ብር ነው። የጉዳቱ መጠን በሐኪሞች ቦርድ ከመቶ 30 ነው ቢባል ደግሞ በመጀመሪያው ሒሳብ 108,000፣ በሁለተኛው 54,000 ብር ይሆናል። የጡረታ ሽፋን ላለውም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በግል ድርጅቶች ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣሉ፤ አበሉ የሚታሰበው መዋጮ በተከፈለበት ደመወዝ ነው። ስለዚህ በጐልማሳነት የተደሰተበት ፊርማ በሽምግልና ይከሰዋል።

እውነት ነው፥ ሠራተኛው የተከፈለው 6,000 ብር መሆኑን በሌላ ማስረጃ ሊያስረዳ ይችላል። ነገር ግን በአልጋ ላይ የተኛ ሰው ምስክር ፍለጋ ሊዞር አይችልም፤ አብረውት የሠሩትም ሥራው ሲያልቅ ወደየአገራቸው ይበተናሉ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ለዚህ ነው።

ማስታወቅ ለምን ይጠቅማል?

መዝገብ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ የተመዘገበውን ለመንግሥት ማስታወቅ ሌላ ነገር ነው። አንድ ፋብሪካ በዓመት ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት መኪና ቢቈረጡበት ዕድል ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን ከ20 ፋብሪካዎች የመጣ ወሬ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ያው መኪና 40 ሰዎችን እንደ ጐዳ ቢታይ፥ ጥፋቱ የዕድል ሳይሆን የመኪናው መሆኑ ይገለጣል። ይህን ለማየት የሚቻለው የብዙዎችን ወሬ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ሲኖር፥ አሠሪዎችም ሳይደብቁ ሲያስታውቁ ብቻ ነው።

ለዚህ ከታሪክ አንድ ማስረጃ እንጥቀስ። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 በወጣ ሕግ በእርሳስ፣ በፎስፎርና በአርሴኒክ መመረዝን የመሰሉ የፋብሪካ በሽታዎች ለመንግሥት እንዲገለጹ ታዘዘ። በ1898 ዶክቶር ቶማስ ሌግ የፋብሪካዎች የመጀመሪያ የሕክምና ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። በ1900 በእርሳስ መመረዛቸው የተገለጸው ሰዎች ቍጥር ከ1,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። መርዙ በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚበዛ ስለ ታወቀ፥ አቧራው የሚወጣበት መሳቢያ ተሠራ፤ ሠራተኞችም በየጊዜው ተመረመሩ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በሚጀመርበት ጊዜ ቍጥሩ በእኩሌታ ገደማ ቀንሶ ነበር። የመድኃኒቱ መነሻ ቈጠራ ነበር፤ ያልተቈጠረ በሽታ አይታወቅምና።

በአገራችን ይህን ወሬ የመቀበልና የመቆጣጠር ሥራ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና በየክልሉ የሚገኙ የዘርፉ ቢሮዎች ነው። ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ሳያስታውቅ ወደ ሥራ ቦታ ሊገባና መዝገቦችን ሊመረምር ሥልጣን አለው። መዝገብ ያልያዘ ወይም በተጠየቀ ጊዜ ያላቀረበ አሠሪም በገንዘብ መቀጮ ይቀጣል። ኢትዮጵያ ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት በ1981 የወጣውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 በ1991 ተቀብላለች፤ ሁለቱም ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሌሎች አገሮች እንዴት ይደረጋል?

ብዙ ወገኖቻችን በሚሠሩበት በአሜሪካ አገር የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ሕግ በ1970 ወጥቷል። በዚያ አሠሪ ሠራተኛው በሥራ ምክንያት ቢሞት በ8 ሰዓት ውስጥ፥ ሆስፒታል ቢተኛ፣ አካሉ ቢቈረጥ ወይም ዓይኑ ቢጠፋ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማስታወቅ አለበት። ከ10 በላይ ሠራተኞች ያሉአቸው አብዛኞቹ ድርጅቶች የጉዳት መዝገብ ይይዛሉ፤ የዓመቱንም ጠቅላላ ሒሳብ በየዓመቱ ከየካቲት 1 እስከ ሚያዝያ 30 ቀን በእነርሱ አቆጣጠር ሠራተኛው በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ስለዚህ በዚያ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው ይህን ቢነግረው መልካም ነው፤ አዲስ የገባ ሰው ይህን መብት ባለማወቅ ጉዳቱን ሸሽጎ ይኖራልና።

ደመወዝንም በሚመለከት፥ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት 100 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት የግል አሠሪ ደመወዙን በሥራ ዓይነት፣ በጾታና በዘር ለይቶ በየዓመቱ ለመንግሥት ያቀርባል። በእንግሊዝ አገርም ከ2017 ጀምሮ 250 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ በወንዶችና በሴቶች ደመወዝ መካከል ያለውን ልዩነት ለሕዝብ ይገልጻል። ከዚህ የምንማረው የደመወዝ መዝገብ የተደበቀ አድልዎን ወደ ብርሃን የሚያወጣ መሆኑን ነው። በአገራችንም ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የሚለው የሕገ መንግሥት ቃል የሚፈተነው በፔሮሉ መስመር ላይ ነው።

አሠሪዎች ስለሚያቀርቡት ምክንያት

አንዳንድ አሠሪ «ጉዳቱን ብጽፍ ጥፋቴን አመንኩ ማለት ነው» ብሎ ይፈራል። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም። በአዋጁ መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ምክንያት ለሚመጣ ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ስለዚህ መመዝገቡ አዲስ ዕዳ አያመጣበትም። አለመመዝገቡ ግን አዲስ ጥፋት ይጨምርበታል።

ሌላው ደግሞ «እኔ ትንሽ ሥራ ነው ያለኝ፤ ጸሐፊ የመቅጠር ዐቅም የለኝም» ይላል። የሚያስፈልገው ግን አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና እውነት ነው። ሦስት ሠራተኞች ያሉት ዳቦ ቤት የወሩን ሒሳብ በአንድ ገጽ ሊጽፍ ይችላል፤ ጉዳትም በየቀኑ አይደርስም።

በሕንፃ ሥራ ቦታ የሚገኝ ካቦ ደግሞ «ይህ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ነገ ሌላ ቦታ ይሄዳል» በማለት የተጐዳውን ጥቂት ብር በኪሱ ጨምሮ ሲያሰናብተው ይታያል። ያ ገንዘብ ለሁለት ቀን ይበቃ ይሆናል፤ የተሰበረ አጥንት ግን በሁለት ቀን አይጠገንም። ሐኪም ያላየው ስብራት ጠማማ ሆኖ ይገጥማል፤ ሰውየውም ዕድሜ ልኩን አንካሳ ሆኖ ይቀራል። ሰውየው ከተሰናበተ በኋላም የተሰበረው መወጣጫ በስፍራው ይቆያል፤ ነገም በእርሱ ላይ ሌላ ሰው ይወጣበታል። በአገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ጉዳቱን የደበቀ የሥራ ቦታም እንዲሁ ነው።

ከመምህራንና ከተማሩ ወገኖች የሚጠበቀው

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች፥ ብዙዎቻችሁ የጐረቤታችሁ አማካሪ ናችሁ። ማንበብ የማይችል ሰው የሚፈርምበትን ወረቀት ይዞ ወደ እናንተ ይመጣል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ እነዚህን ነገሮች ትነግሩት ዘንድ እንለምናለን።

በባዶ ወረቀት ላይ እንዳይፈርም፤ አውራ ጣቱንም በቀለም ነክሮ ከማሳረፉ አስቀድሞ የተጻፈውን እንዲያስነብብ። በእጁ የገባው ገንዘብና በመዝገቡ የተጻፈው ካልተስማሙ ምክንያቱን እንዲጠይቅ። የሠራበትን ቀንና ትርፍ ሰዓት በራሱ ደብተር በየዕለቱ እንዲያስጽፍ፤ ለዚህ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጁ ይበቃዋል። ጉዳት የደረሰበት እንደ ሆነ በዚያው ቀን ለአሠሪው እንዲያስታውቅ፤ በጤና ጣቢያም «በሥራ ላይ የደረሰብኝ ነው» ብሎ እንዲናገርና በካርዱ ላይ እንዲጻፍለት። አሠሪው ሊመዘግብለት እንቢ ያለ እንደ ሆነ ወደ አካባቢው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት እንዲሄድ። አቤቱታ በማቅረቡ ምክንያት ከሥራ ሊባረር እንደማይችል ሕጉ የሚጠብቀው መሆኑንም አስረዱት፤ ብዙ ሰው ዝም የሚለው እንጀራውን ፈርቶ ነውና።

በትምህርት ቤትም ቢሆን ለዚህ ነገር ስፍራ አለ። የሒሳብ መምህር ከመቶ ስንት እንደሚባል ሲያስተምር ከዚህ በላይ ያቀረብነውን የካሣ ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያሠራ ይችላል። የአማርኛ መምህር ተማሪዎቹ አንድ አደጋ ቀኑን፣ ስፍራውንና መነሻውን ሳይስቱ እንዲጽፉ ሊያለማምዳቸው ይችላል። ከእነዚያ ልጆች መካከል ነገ አሠሪ፣ ካቦ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ወይም ነርስ የሚሆኑ አሉ። እውነተኛ መዝገብ መያዝን በልጅነቱ የተማረ ሰው በጐልማሳነቱ የሐሰት መስመር መጻፍ ይከብደዋል።

ከመታመም አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለው ቃል የጤና አጠባበቅ ሁሉ መሠረት ነው። ጥንቃቄም የሚጀምረው ከማወቅ ነው፤ ማወቅም ከመጻፍ። በሥራ ቦታ በር አጠገብ በንጽሕና የተያዘ የመድኃኒት ሣጥን እንዲኖር እንደምንመክር ሁሉ፥ ከሣጥኑ ጎን በእውነት የተጻፈ መዝገብም እንዲኖር እንመክራለን። ሣጥኑ የዛሬውን ቁስል ያክማል፤ መዝገቡ ለተጐዳው ሰው ካሣውን፣ ለሚተካውም ሰው እጁን ያተርፋል።